ሃያ ዓመቴ ነው ያልንበት ጠዋት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ ይጠፋብኛል። የሐጅ ሰው ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ጂዳ ላይ ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ፊት የሚገርፍበት ወቅት እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ ውስጥ የማኅተም ቀለም ሸተተኝ፤ ያ ሰማያዊው፣ እንደ ላምባ የሚከረፋው። ሳላስበው አውራ ጣቴን በልብሴ ጠረግኩ። ምንም አልነካውም ነበር እኮ።

ከአብሮ አደጌ ጋር ከወሎ ወጥተን፣ በየመን አድርገን ነው የመጣነው። መንገድ ላይ ደላላው ያስተማረን ዐረብኛ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዑምሪ ዒሽሪን»፣ ሃያ ዓመቴ ነው። «ለልጅ ሥራ የሚሰጥ የለም፣ ይቺን ያዙ» አለን። ውሃ ስጡኝ ማለትን እንኳ የተማርነው ከዚያ በኋላ ነው። መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር የሐጃጁን ሻንጣ ስንሸከም ሰው ቀና ብሎ ባየን ቁጥር «ዑምሪ ዒሽሪን» እንላለን፣ ሳንጠየቅም ጭምር። ሐጃጁ ይስቃል፤ ሻንጣውን ግን ይሰጠናል።

ሥራው ሲቀዘቅዝ ጂዳ፣ ካራንቲና የሚባል ሰፈር ወረድን። እዚያ አንድ ሰው ከመጋዘን ካርቶን እያወጣን መኪና ላይ እንድንጭን ወሰደን። በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየን ስንጭን አረፈድን። ዕቃው የሌላ ሰው መሆኑን ያወቅነው ፖሊስ ሲመጣ ነው። ሰውየው ሮጠ። እኛ ካርቶን እንዳቀፍን ቆመን ቀረን። ውስጡ ያለው እንዳይሰበር ብለን ቀስ አድርገን አስቀመጥነው፤ እንዲህ ያለ ሌባ ታይቶ ያውቃል?

ትልልቅ ሰዎች መሃል አሰሩን። ላብና በረኪና የተቀላቀለበት ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ከላይ ይንኳኳል እንጂ አየር የለውም። አንድ የአገራችን ሰው ዕድሜያችንን ጠይቆ፣ «ሃያ? ታዲያ ጢማችሁን የት ቀብራችሁት ነው ጃል?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብን። ሌላው ጠጋ አለና፣ «ልጅ ነን እንዳትሉ። ይለያዩዋችኋል፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ነው የሚጥሏችሁ» አለን። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ እሱም ከሰው ሰምቶ ይሆናል። አብሮ አደጌ ከዚያ በኋላ እጄን አልለቀቀም።

«ሃያ በል እሺ? ወላሂ በለኝ» አለኝ።

ወላሂ አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ወሰዱን። አስተርጓሚ የለም፤ ከጎናችን የሚቆም ሰውም የለም። መጀመሪያ እሱን ጠሩት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁ ይሰማኛል፤ ገና ያልጎረነነ፣ የሕፃን ድምፅ። «ዑምሪ ዒሽሪን» አለ፣ ትምህርቱን እንዳጠና ተማሪ ጮክ ብሎ። ሲወጣ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነበር። ምን ላይ እንደፈረመ እሱም አያውቅም። በአጠገቤ ሲያልፍ ፈገግ አለልኝ፤ በደንብ አልኩት ማለቱ ነው።

እኔ ስገባ የፍርድ ቤቱን ሻይ የሚያፈላው ሰው ለቃዲው፣ ለዳኛው፣ ብርጭቆ እያስቀመጠ ነበር። ያገር ሰው ነው፤ ማተቡን ከኮሌታው ሥር የደበቀ ጎጃሜ። «ዑምሪ ዒሽሪን» ስል ቀና ብሎ አየኝ። ትሪውን እንደያዘ ቃዲውን በዐረብኛ አስፈቀደና ወደ እኔ ዞረ።

«የየት አገር ልጅ ነህ አንተ?»

«የወሎ።»

«ስንት ረመዳን ፆመሃል? ሙሉውን ማለቴ ነው፣ እስከ ቀትር የፆምከውን አትቁጠርብኝ።»

በእኛ አገር ልጅ መጀመሪያ እስከ ቀትር ይፆማል፤ ጠና ሲል፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው ሙሉውን የሚይዘው። የልደት ቀን የሚያውቅ የለ፣ ዕድሜያችንን የምንለካው በዚያ ነበር። በዕድሜዬ ስዋሽ ከርሜያለሁ። በፆም ግን እንዴት ተደርጎ ይዋሻል?

«ሁለት» አልኩት።

ቃዲው ሲነገረው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ልጆች ማቆያ እንድወሰድ አዘዘ። ለቅሶዬ የመጣው ያኔ ነው። «ቅድም የወጣውም ልጅ ነው! እሱማ አንድ ብቻ ነው የፆመው!» ብዬ ጮህኩ። ባለሻዩ ተረጎመልኝ። ቃዲው «ይመለስ» አለ። ዘበኛው ሮጦ ሄዶ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ኸላስ፣ አልቋል፤ የእስረኞቹ መኪና ወጥቷል።»

ወረቀት ይከተለዋል ተባለ። ወረቀቱ ደርሶ ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔን አገሬ ሲመልሱኝ እናቱ ደጃችን ድረስ መጣች። «አብራችሁ ነበር የሄዳችሁት» አለችኝ። ያን ዓመት እሷ የምታልፍበትን መንገድ እየሸሸሁ ኖርኩ፤ መጨረሻ ላይም ተመልሼ እዚሁ ጂዳ መጣሁ።

አሁን ለልጅ ጠበቃ ይቆምለታል፣ ልጅ ማናገር የሚያውቅ ሰው ይመጣለታል ሲሉ እሰማለሁ። ደግ ነገር ነው፤ ለሁሉም ይድረስ። እኔ ግን የጎረቤቶቼን ልጆች «ከተያዛችሁ እውነተኛ ዕድሜያችሁን ተናገሩ፤ የሚረዳችሁ ሰው ሳይመጣ አትፈርሙ» ማለቴን አልተውኩም። እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ አጎቴ ለማለት «ያ ዓም» ነው የሚሉኝ፤ «ያ ዓም፣ ኸላስ፣ ሺህ ጊዜ ነገሩን እኮ!» ይሉኛል።

ያኔ ማቆያ ሳለሁ ባለሻዩ በየአርቡ ዳቦ ይዞ ይመጣልኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዘበኛውንም ሹፌሩንም ስለ አብሮ አደጌ ሲጠይቅ ይሰነብትና፣ ምንም ሳያገኝ ይመጣል። «እሱ ሲገባ ጓዳ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር» ይለኝ ነበር አንገቱን ደፍቶ፣ ያጠፋው እሱ ይመስል። ማንም ሳያዘው አንዲት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው እሱ ነው። ጋሽ አድማሱ ይባላል።