ስልኬ ውስጥ የተቀጠለው አሚን

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ማንበብ ስችልም መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ስልክ ነካካሁ። ድምፅ ቆርጦ የሚቀጥል ነገር ጫንኩበት። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልቀዳሁት የለም፤ የዓሣ ቅርፊት ሲፋቅ፣ ታንኳ ከድንጋይ ሲላተም፣ ባጃጅ ሲነሳ። ደረደርኳቸውና ከሥራቸው በአምባሰል ቅኝት ትንሽ ዜማ አስገባሁ። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ሙዚቃ ናት፤ ኩራቴ ግን ልክ አልነበረውም።

መሃሏ ላይ የሰው ድምፅ ጎደላት። ገበያ ላይ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳፋዋን የገጨባትን ባለባጃጅ «ድፍት ያርግህ!» ስትለው ቀድቻት ነበር። ቃሉ እንደ ድቤ ይመታል። በየሐሙሱ ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን ከምናደርገው ዱዓ የቀዳሁትን የጀማውን «አሚን» ቆርጬ ቀጠልኩበት። ገጠመ! ደጋገምኩት። ባለባጃጁ እትዬ የምላቸው አሮጊት ጎረቤቴ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰው አልታየኝም፤ ምቱ ብቻ ነው የታየኝ።

ሐሙስ ለዱዓ ስንሰበሰብ ከፈትኩላቸው።

«ባጃጅ ሙዚቃ ከሆነማ የኔ አህያ ዘፋኝ ናት!» አለ አንዱ። ሳቁ።

እርግማኑ መጣ፤ አሚኑ ተከተለ። ሳቁ ቆመ።

«መልሰው እስቲ» አሉኝ እትዬ። መለስኩት።

«ይቺ ከሁሉ ቀድማ አሚን የምትለው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ። ግን ለሌላ ዱዓ ያሉት ነው፤ እኔ ነኝ ቆርጬ የቀጠልኩት።»

«ሳፋዋን የገጨባት ልጄ መሆኑን ራሱ ነግሮኛል። ልጄን ድፍት ያርግህ ስትለው፣ እኔ እናቱ አሚን እላለሁ?»

«ሙዚቃ ነው እኮ!» አልኩ፣ እንደ ልማዴ በደረቁ። «ይኸው፣ አጠፋሁት።» እዚያው ፊታቸው ሙዚቃውን ከነቅጂው አጠፋሁት።

«ከስልኩስ ጠፋ። ከአፌ ላይ በምን ታጠፋዋለህ?» ብለው ዱዓው ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

 ፊደል ሳላውቅ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አሚን ለምን እንደሚባል አውቅ ነበር። ተምሬ ነው የሳትኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ግን መጡ። ዱዓ አድራጊው «መንገድ ላይ የሚውሉ ልጆቻችንን አላህ ይጠብቅልን» አሉ። ቤቱ በአሚን ተናጋ። እትዬ ግን ዳግም እንዳልቀዳቸው የፈሩ ይመስል የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ኪሴን ኪሴን ያዩ ነበር። ስልኩን ቤቴ ትቼው ነው የመጣሁት። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አልጠየቁኝም።