የሐጂ ይማም ሪያል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን "መታወቂያ" በተባልኩ ቁጥር እጄ ኪሴ ውስጥ አንዴ ቆም ይላል። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት የሰፈሬ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ክር መፍተያ ክፍል እሠራ ነበር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ደሴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ነው የለቃቀምኩት።

የዚያን ሰሞን የክፍላችን ትልቁ የመፍተያ መኪና ኩሽኔታው ተሰብሮ ቆመ። ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዝ፣ ውስጡ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። ፋብሪካው ብር አላጣም፤ ያጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። አለቃችን ሰብስቦን፣ "ሻጮቹ ብራችሁ አይጠቅመንም፣ ዶላር አምጡ ብለዋል። ዶላሩ እስኪፈቀድ ቤታችሁ ቆዩ" አለን። ደሞዛችን ግማሽ ሆነ። እኔም ወደ ደሴ ወጣሁ።

ደሴ ስደርስ ጎረቤታችን ሐጂ ይማም ከመካ ተመልሰው ሰፈሩ በእንግዳ ተጨናንቋል። እኛ የጴንጤ ቤተሰብ ነን፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ አጥራችን ግን አንድ ነው። ከእናቴ ጋር "እንኳን ደህና መጡ" ልንል ገባን። ሐጂ ቴምር አቀረቡልን። ቀጥለው ከትራሳቸው ሥር አዲስ አንድ የሳውዲ ሪያል አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ከስንቄ የተረፈች ናት። የመካ በረካ ናትና ያዛት" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።"

"ታዲያ በረካ ጴንጤ ሙስሊም ይለያል እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለካ ለእያንዳንዱ ጎረቤት እንዲሁ ሰጥተዋል። እኔ ቤት ገብቼ ሪያሏን በሁለቱም በኩል አገላብጬ አየኋትና እንዳትጨማደድ በመታወቂያዬ የላስቲክ ልባስ ውስጥ፣ ከካርዱ ኋላ አስገባኋት። የውጭ ገንዘብ መያዝ ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። ክልክሉ ግን ሰዎች በድብቅ የሚነግዱትን ዶላር እንጂ ከቴምር ጋር የተሰጠችኝን ሪያል ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

ብዙም ሳይቆይ "ተመለሱ" የሚል መልእክት ከፋብሪካው መጣ። ኩሽኔታው ደርሷል ብዬ ደስ እያለኝ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ ስንደርስ እንደተለመደው አስወረዱን። ተራዬ ሲደርስ መታወቂያዬን ሰጠሁ። ፈታሹ ካርዱን ከልባሱ ሲመዘው ሪያሏ አብራ ወጥታ እግሩ ሥር ወደቀች።

ጎንበስ ብሎ አነሳት። "ይቺ ደግሞ የማን አገር ናት?" አለኝ።

አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ውስጡ አንድ ጎልማሳ ሰው ጃኬቱን አንጥፎ ተቀምጧል። አበጋዝ ይባላል፤ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው።

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በሪያል።"

"ስንት?"

"አንድ።"

"አንድ ሺህ?"

"አንድ።"

ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "አቦ እኔስ ለጎማ ነው። አንተስ ለምን ነው? ለማስቲካ?" ፋብሪካችን በምንዛሪ እጦት መቆሙን ስነግረው ይባስ ሳቀ። "አሃ! የአገሩን ዶላር የደበቅኸው አንተ ነህ ለካ!"

ሳቁ ሲያልቅ የራሱን ነገረኝ። ጎማው ደጋን ከተማ ላይ ፈንድቶ መኪናው ቆመ። መሥሪያ ቤቱ ጎማ የለም፣ ምንዛሪ አልተፈቀደም አለው። አሰብ ወርዶ ከአንድ መርከበኛ ጎማ ሊገዛ ብር ቢያወጣ መርከበኛው ብሩን አገላብጦ አይቶ መለሰለት።

"ምን ያድርግበት? እዚሁ ካልበላበት በቀር የትኛውም ወደብ ላይ የሚቀበለው የለም። ባንክ አንዱ ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነው ይላል፤ ስጡኝ ስትል ግን የለም። በጓሮ ከእጥፍ በላይ ከፍዬ ገዛሁ። ከነዶላሩ ያዙኝ።"

"ሪያልስ ምን አገባቸው?"

"ሪያል እኮ በየትኛውም አገር ባንክ ዶላር ይሆንልሃል። ብራችን ግን እንደ እኔና እንደ አንተ ነው፤ ከኬላ አያልፍም።"

በማግስቱ የኬላው ኃላፊ አስጠራኝ። ሪያሏ ጠረጴዛው ላይ ናት። ቁጡ ሰው አልነበረም።

"ነዳጁም መድኃኒቱም የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ነው። አንዷም ብትሆን መግባት ያለባት ባንክ ነው። ከማን እንዳገኘሃት ንገረኝና ሂድ" አለኝ።

እውነቱን ነው። የኔን መኪና ያቆመውም ይኸው ነው። ግን ሐጂ ሰጡኝ ብል እሳቸው ይታሰራሉ፤ ቀጥሎ ሰፈሩ ይፈተሻል፤ በየቤቱ አንዳንድ ሪያል አለ። ከገዛሁት የሳልባጅ ኮት ኪስ አገኘኋት ብል ኮቱን የሸጠልኝን ልጅ ያመጡታል። መንገድ ላይ አገኘኋት ብል ላስቲክ ውስጥ ምን አስገባት ይሉኛል። የማስባት መውጫ ሁሉ ሌላ ሰው የሚገባባት በር ሆነችብኝ። ዝም አልኩ።

"ሃይማኖትህ ምንድን ነው?"

"ጴንጤ።"

ኃላፊው ብዕሩን አነሳ። "ፈረንጆቹ ናቸው የሚልኩልህ?"

ዝም ማለቴም ሌላ ክስ እየወለደብኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እናቴ ወሬው ደርሷት ምግብ ይዛ መጣች። አንድ ጠባቂ መሃላችን ቆሟል። "ምን አግኝተውብህ ነው?" ስትለኝ ጠባቂው ቀድሞኝ፣ "ሪያል" አላት። እናቴ ሳህኑን አስቀመጠችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አውቄ ልጠራት ፈለግሁ፤ ጠባቂው ፊት ምን ብዬ ልጥራት?

ወደ ሐጂ እንደሄደች ለአበጋዝ ነገርኩት። "ሐጂው ይዋሻሉ?" አለኝ።

"አይዋሹም። ከሐጅ ወዲህማ ጭራሽ።"

"እንግዲህ አለቀልህ። ያልተጠየቁትንም ይናገራሉ" አለና ፊቱን አዞረ።

ሐጂ ይማም በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወርደው መጡ። እኔንም አስጠሩኝ። ሐጂ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ናቸው። እኔን ሲያዩ "አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው፣ "ሪያሏ የኔ ናት ልጄ። የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"ሐጂ፣ የተረፈውን ለባንክ እንዲመልሱ አልተነገረዎትም?"

"ተነግሮኛል። መሸጥ ነው የተከለከለው ብዬ ነው፤ እኔ አልሸጥኩም፣ ሰጠሁ።"

"ለስንት ሰው ሰጡ?"

"የበረካ ስጦታ አይቆጠርም፤ ወላሂ አልቆጠርኩም።"

"ለእነማን?"

"ለጎረቤት።"

"ስም ይጥሩልኛ!"

"በኛ ዘንድ ጎረቤት እስከ አርባ ቤት ነው ልጄ። አርባውን ቤት የምታስርበት ቦታ አለህ?"

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ ውሳኔውን ነገራቸው። የተሰጠው ሁሉ ተሰብስቦ ደሴ ባንክ ይገባል፤ ደረሰኙ ለእሱ ይመጣል። እስከዚያ ግን እኔ አልወጣም።

ሐጂ ሄዱ። እኔ ተመልሼ ገባሁ። በቀጠሉት ቀናት መውጣት አለመውጣቴ በየቤቱ፣ በየሳጥኑ በተቀመጡ ወረቀቶች ላይ ተንጠለጠለ። በዚያ መሃል አበጋዝን ወደ ደሴ ወሰዱት። ሲወጣ፣ "ኩሽኔታው ከመጣ ሰላም በልልኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እናቴ እንደገና ስትመጣ ጠባቂው ራቅ ብሎ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሁሉም መልሷል። የቀረችው ፋጡማ ናት" አለችኝ።

ፋጡማ ከሐጂ ቤት ማዶ የምትኖር፣ ባሏ ዘመቻ ላይ ያለ ሴት ናት። ልጇ ትኩሳት ይዞት ወር ሊሞላው ነው። ሪያሏን ክታብ ውስጥ አሰፍታ አንገቱ ላይ አስራለታለች። ከዚያ ወዲህ ልጁ እህል መቅመስ ጀምሯል።

"ሐጂ ደጇ ሄደው ቆሙና ሳይጠይቋት ተመለሱ። እኔ ልሂድና ልለምናት?" አለችኝ እናቴ።

እኔ በክታብ አላምንም። ያቺ ሪያል ወረቀት እንደሆነች፣ ልጁን ያዳነው ሌላ ነገር እንደሆነ ልነግራት እችል ነበር። የማዳበሪያው ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ የውጪው ብርሃን ይታየኛል።

"ተዪያት" አልኳት። ያለው አፌ ነው፤ ልቤ አላለም።

ሐጂ ደረሰኙን ይዘው መጡ። ኃላፊው አነበበውና ቀና ብሎ አያቸው። "ይኸው ነው ሁሉም?"

ሐጂ የመቁጠሪያቸውን አንዲት ፍሬ በጣታቸው አሳለፉና፣ "የመለሱልኝ ይኸው ነው ልጄ" አሉ።

ኃላፊው የጠየቀውና የተመለሰለት እንደማይገጥም የገባው ይመስለኛል። ደረሰኙን አንዴ ደግሞ አየው። ከዚያ ማኅተሙን አንስቶ የመፈቻ ወረቀቴ ላይ መታው። "ሁለተኛ በረካ ሲሰጡ ቴምሩ ይበቃል" አለ።

የኔዋ ሪያል መዝገቡ ውስጥ ቀረች። ፋብሪካ ስሄድ መኪናው እንደቆመ ነው፤ የተጠራነው ለስብሰባ ኖሯል። ኩሽኔታው የደረሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሣጥኑ ላይ ዋጋው በዶላር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እንደ ልማዴ አነበብኩት። ሐጂ የባንኩን ደረሰኝ አሳይተውኝ ስለነበር በጭንቅላቴ አሰላሁ። የሰፈራችን ሪያል ሁሉ ተደምሮ ከኩሽኔታው ኳሶች አንዷን እንኳ አይገዛም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ደርግ ራሱ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ኃላፊውን አልጠላውም፤ የተናገረው እውነት ነበር። የፋጡማ ልጅ አድጎ አሁን አጥራችንን ዘሎ ይገባል። ሲሮጥ ክታቡ ደረቱ ላይ ይዘላል። ሳየው ያ ክፍል ትዝ ይለኛል፤ ሽታው እንኳ ይመጣብኛል። "ተዪያት" ያልኩት ከልቤ እንዳልነበረ ለእናቴም አልነገርኳትም። ልጁ ግን ሮጦ መጥቶ ሲጠመጠምብኝ፣ አሁን ቢጠይቁኝ ከልቤ እለው ነበር እላለሁ።