ቀዩ ነጥብና የልብስ ሰፊዋ አውራ ጣት

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፤ የሌለህም ተውሰህ ስማ! ትናንት ፎቶ ኮፒ ያነሣ የነበረው ሰው ከዛሬ ጀምሮ በሌዘር ብርሃን ጅማት ያክማል! ጉልበትህ የዛለ፣ ወገብህ የተቆለፈ፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ክሊኒክ ድረስ በአሳንሰር ውጣ! አሳንሰሩ ከተበላሸ ግን (ተበላሽቷል) እየዳህክም ቢሆን ድረስ!

ከሦስት ወር በፊት ይህን ሹመት ያገኘው ሰውዬ «ዶክተር ጨረር» ይባላል። ከፎቶ ኮፒ ወደ ሕክምና ያሻገረው የሦስት ቀን ሥልጠና ነው፤ አንዱ ቀን ለመክፈቻ ንግግር፣ አንዱ ለሰርተፍኬትና ለፎቶ፣ የተረፈው ለትምህርት። ሰርተፍኬቱ ከክፍሉ መስኮት ይበልጣል። ጥቁር የዓይን መከላከያውን አድርጎ ሲቆም አውሮፕላን ሊያስነሣ እንጂ የሰው ክርን ሊያክም አይመስልም። የማሽኑን እጀታ የታመመው ቦታ ላይ ያስጠጋል፤ ቀይ ነጥብ ታበራለች፤ ማሽኑ ጢጥ ይላል፤ ቀጣይ!

ታካሚውም ጉደኛ ነው። ጡረታ የወጣው ዳኛ «ሙቀቱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ!» ካለ፣ ጎረቤቱ ላለመበለጥ «እኔንማ መቅኔዬ ድረስ!» ይላል።

ምንም አልተሰማኝም ያለች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የዶክተር ጨረር የገዛ ታላቅ እህት። ልብስ ሰፊ ናት። ወፍራም ጨርቅ ስትቆርጥ የአውራ ጣቷ ጅማት ተጎድቶ መቀስ መያዝ አቅቷታል። አሠሪዋ የታገሣት እስከ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሙሉ ኮት ቆርጣ ካላሳየች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«እታለም፣ የማይሰማሽ ስለማታምኚ ነው» ይላታል።

«በእምነት ከሆነማ መነጽሩን ምን ልትሆን ደነቀርከው?»

አርብ ጠዋት የማሽኑ ጥገና ባለሙያ ለፍተሻ መጣ። የጨረር መለኪያውን እጀታው ጫፍ ላይ ደቀነ። ዜሮ።

«ስትከፍተው የትኛውን ቁልፍ ትጫናለህ?»

«ሥልጠናው ላይ እንዳሳዩን፣ ሁለተኛውን።»

«እሱ እኮ የማሳያው ነው! የሠልጣኝ ዓይን እንዳይጎዳ ዋናውን ጨረር ዘግተው ነው ያስተማሯችሁ። ቀይዋ ነጥብ ቦታ መጠቆሚያ ናት፤ የሚያክመው ብርሃን በዓይን አይታይም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሙቀትስ?»

«የምን ሙቀት? ቢሠራም እኮ አይሞቅም!»

ዶክተር ጨረር ሦስት ወር ሙሉ የሰውን ጉልበት ሲጠቁም ከርሟል! አጠገባቸው ቆሞ ሲሰማ የነበረው የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ወዲያው በሩን ገርበብ አደረገ።

«አሁን ተስተካክሏል አይደል? ያለፈው አልፏል። አፍህን ሰብስብ!»

እህቱ ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ ትጠብቃለች፤ ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ሕክምናዋ ነው። ዝም ካላት ሰኞ ያልታከመ ጣቷን ይዛ ትገባለች፤ ጣቷም ይብስበታል፣ ቦታዋም ይሄዳል። መነጽሩን አወለቀ። የቀጠሮ ካርዷ ላይ 18ን ሰርዞ 1 ጻፈ።

«ምንድነው ይሄ?»

«እታለም... እስከ ዛሬ ያበራሁብሽ መጠቆሚያውን ብቻ ነው።»

ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እንግዲህ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እውነቱን የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ?»

«ብቻሽን።»

«አንተ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔኑ ስትገሥጽ! በል ይህንኑ ጻፍልኝ። አሠሪዬ ጥፋቱ የእናንተ እንደሆነ አይቶ ስድስት ሳምንት ይጨምርልኝ።»

ጻፈ። ይሁን እንጂ የእህቱ አሠሪ ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ዓይኑ አያይም። ማኅተሙ ያለው ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በድንገት «አስቸኳይ ስብሰባ» ሄዷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በተለይ አንተ መቅኔህ ድረስ የሞቀህ፦ ሰማያዊ ክራቫት ያሰረ፣ የኮት ኪሱ በአንድ በኩል ያበጠ፣ ሰው ሲያይ መንገድ የሚያቋርጥ ሰውዬ ካጋጠመህ፣ ክንዱን ጥብቅ አድርገህ ያዝና እባክህ፣ ከሰኞ በፊት ከነማኅተሙ አምጣልን!