ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ሕመም

"ሕመም አለሽ?" ስላት "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ዶክተር" አለችኝ። ቅጹ ላይ ካለው ከዜሮ እስከ አሥር የሕመም መለኪያ ዜሮ ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ነው። እዚህ ዱባይ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ነው። ለጥናቴ ብዬ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ይቺኛዋ ዘሀራ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ናት፤ ሻርጃ አል መጃዝ ሰው ቤት ትሠራለች።

ስልኩን ልዘጋ ስል "ሹግልስ፣ ሥራው እንዴት ነው?" አልኳት።

"ዋላሂ ዶክተር፣ ባልዲ ሳነሳ ጎኔን ውግት ያደርገኛል። ማዳም እንዳታየኝ ግድግዳ ይዤ ነው ቀና የምለው።"

ዜሮዬን አየሁት። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ምስጋና እንደሚቀድም ጠፍቶኝ አይደለም። ቅጽ ስይዝ ግን ፈረንጅ እሆናለሁ መሰለኝ።

መጥታ እንድትታይ ለነገ ቀጠርኳት። አማካሪዬ ሲሰማ ሳቀና "ጥያቄውን እናሻሽለው፤ የደወልሽላቸውንም ደግመሽ ጠይቂ" አለኝ። አዲሱ ጥያቄ "ባልዲ ስታነሺ ምን ይሰማሻል?" የሚል ነው። ከሰዓት የደወልኩላቸው ሁሉ መጀመሪያ አመሰገኑ፣ ከዚያ አወሩ።

እናንተስ? ሐኪም ፊት በምስጋና ሸፍናችሁት የወጣችሁት ሕመም አለ? ከታች ጻፉልኝ። "ደህና ነኝ" የሚል መልስ ግን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።