የጋሼ ወልደአማኑኤል ሁለት ማስታወቂያዎች

ጋሼ ወልደአማኑኤል አዲስ አበባ ሳሉ የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። አሁን ባሕር ማዶ፣ ኮሊንግዉድ በሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ባለው ክፍል ልጆችን አማርኛ ያስተምራሉ። ዘንድሮ የቀሯቸው ተማሪዎች ሦስት ብቻ ናቸው። የሕንፃው አስተባባሪም «በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ካልሞሉ ክፍሉን ለካራቴ እሰጠዋለሁ» ብላቸዋለች።

ጋሼ ቁጭ ብለው ጻፉና ሊፍቱ ውስጥ ለጠፉ፦

«ጉዳዩ፦ የልጆች ምዝገባን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ልጁን በወቅቱ ያላስመዘገበ ወላጅ ለሚከተለው ሁሉ ኃላፊነቱን ራሱ የሚወስድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማንም አልተመዘገበም። በማግስቱ ግን እዚያው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ በቀለች መታወቂያቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ልጆቼ አድገው፣ ወልደው ፖይንት ኩክ ሰፈር ቤት ይዘዋል፤ አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

ሕፃናት መዋያ የምትሠራው ጎረቤታቸው ዓለምጸሐይ ይህን ሰምታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን ሲጽፉ ምን እንዲሆን ፈልገው ነው?»

«ልጆች እንዲመጡ ነዋ!»

«እኔ እንኳን ሊፍቱን ፈርቼ በደረጃ ነው የወረድኩት።»

«አንቺ ደግሞ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ የኖርኩት እንዲህ ነው።»

«ያኔ የሚጽፉት ለምን ነበር?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «አለቃ መጥቶ ‹ለምን አላሳሰብክም?› እንዳይለኝ።» ከዚያ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። «እዚህ ታዲያ ማንን ነው የምፈራው? ካራቴውን?»

ወረቀቱን ገንጥለው በቦታው ሌላ ለጠፉ፦

«ልጆቻችሁን ቅዳሜ ጠዋት ላኩልኝ። አያቶቻቸው በቫይበር ሲደውሉ ‹ሃይ› ብለው ስልኩን ለእናታቸው እንዳያቀብሉ፣ የሚያወሩትን አስተምራቸዋለሁ። ብስኩት አለ። ጋሼ ወልደአማኑኤል፣ ምድር ቤት።»

ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ ግማሾቹ በብስኩቱ መሆኑ ግልጽ ነው። አስተባባሪዋ ብቅ ብላ ቆጠረች፤ ወንበር ጨምራላቸው ሄደች። የካራቴው ነገር በዚያው ቀረ።

ጋሼ ለአዲሶቹ ፊደል አደሉና ወደ ነባሮቹ ዞሩ።

«ዛሬ እናንተ ትጽፋላችሁ። ለማን?»

«ማይ ግራንድማ» አለች ከሦስቱ ነባሮች አንዷ፣ ማሂ። ምላሷን አውጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ጻፈች፦

«እማማ ነይ። አልጋዬ ለሁለት ይበቃል።»

ጋሼ አጎንብሰው አነበቡት። እስኪብርቷቸው እንደ ልማዱ ወደ ወረቀቱ አናት፣ «ጉዳዩ» ወደሚጻፍበት ባዶ ቦታ ሄደ። እዚያው ቆመ። ክዳኑን ከደኑት።

«ይሄስ አይነካም» አሉና ብስኩቱን አቀረቡላት።