አርባ ሰከንድ የተጫወተው ሰው ካርድ

የሆስፒታሉ ሰዎች ራጅ አንሺውን «አይተንፍሱ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሕመምተኛ ደረቱን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ በቆመ ቁጥር፣ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ «አየር ይሳቡ… ይያዙት… አይተንፍሱ!» ሲል ስለኖረ ነው። ዱሮ ዱሮ ይናደድ ነበር። አሁን ግን ዋና ነርሷ በኮሪደሩ ላይ «አይተንፍሱ፣ የእግር ስብራት መጥቶልሃል!» ብላ ስትጮህ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ እየታጠቀ ወደ ሥራው ይገባል።

ጎበዝ ራጅ አንሺ ነው። ሙያው ግን ምስጋና የለውም። ስብራቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚባለው ሐኪሙ። አይከፋኝም ይላል። እንግዲህ ራሱ ካለ ምን ይደረጋል፣ እንመነው።

የዚህ ሰው ሌላው ሕይወት ሳሎኑ ጥግ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአራት ወፋፍራም አልበሞች ተከቶ ተቀምጧል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ካርድ ይሰበስባል። መቼም ካርድ መሰብሰብ ብርቅ አይደለም። የእሱ ጉድ ሌላ ነው፤ ስም ያለው ተጫዋች አይፈልግም። ከአውሮፓ ተነስተው አሜሪካ ትልቁ ሊግ ድረስ ዘልቀው፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከርመው፣ የደረሰቻቸውን ጥቂት ደቂቃ ተጫውተው የውሃ ሽታ የሆኑትን ብቻ ነው የሚሻው። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ ከሃያ ጨዋታ በላይ የተሰለፈ ሰው አልበሙ ውስጥ አይገባም።

በአራት ጨዋታ አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫውቶ ሁለት ነጥብ ያገባ ላትቪያዊ አለው። በአንድ የውድድር ዘመን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ወደ አገሩ የተመለሰ ቡልጋሪያዊ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳ ዴንማርካዊም አለ፤ አሳታሚዎቹ ሌላ ፎቶ ስላጡ ይሁን ግድ ስላልሰጣቸው፣ እንደ ጨፈነ አትመውት ቀረ። የሙያ ነገር ሆኖ አቋቋማቸውን ብቻ አይቶ የትኛው ወገባቸው ወይም ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ይገምታል። ግምቱን የሚያረጋግጥለት ሰው ስለሌለ ተሳስቶ አያውቅም።

ከየት የመጣ አባዜ ነው? በተማሪነቱ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ነበር። ማሊያውን ለብሶ ይሄዳል፣ ላብ ሳይነካው ለብሶት ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ገባ፤ ኳሷንም አንዴ ነካት። በዚያው ዓመት ባሕረኛ አጎቱ አንድ እሽግ ካርድ ይዞለት መጣ። ከላይ የነበረው ያ ላትቪያዊ ነው፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልቡ እዚያው ቀረ። ኮከቦቹን ለጓደኞቹ አድሎ እሱን አስቀረ። «ወርቅ ሰጥቶ ዝገት የሚቀበል ጅል» ብለው ሳቁበት፤ እስካሁንም እየሳቁ ይሆናል።

ሚስቱ ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሟች አባት ፎቶ፣ ሁሉም ላሚኔት ለማስደረግ ወደ እሷ ይመጣል። አረፋ ሳይቋጥር፣ ሳይንጋደድ ወረቀትን በላስቲክ በማሸግ የሚስተካከላት የለም። ለእሷ ወረቀት መውደድ ማለት ላሚኔት ማድረግ ነው። የጋብቻ ወረቀታቸው ታሽጓል፣ የልጃቸው የአንደኛ ክፍል ሰርተፊኬት ታሽጓል፣ የውሃ ቧንቧ ጠጋኙ ስልክ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሳትቀር ታሽጋለች። ካርዶቹን ደግሞ «ጣውንቶቼ» ነው የምትላቸው። ማታ ማታ «ጣውንቶቼ እንዴት ዋሉ?» ትለዋለች። እሱም ይስቅና «ደህና ናቸው» ብሎ አልበሙን ይዘጋል።

ዘጠኝ ዓመት ሲፈልገው የኖረ አንድ ሀንጋሪያዊ ነበር። ሰውዬው በአንድ ጨዋታ አርባ ሰከንድ ተሰልፎ በሳምንቱ ተሰናበተ። ካርዱ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበረ ጥቂቱ ወጣ፣ የቀረው የት እንደገባ አይታወቅም። በመጨረሻ በሌላ አገር ያሉ ጡረተኛ የባቡር ሹፌር አንድ እንዳላቸው ጻፉለት፤ በሦስት ካርድ ሊለውጡለትም ተስማሙ። አይተንፍሱ ከዚያ ወዲያ ሰው ባናገረው ቁጥር ዓይኑ በር በሩን ነበር።

ፖስታው የደረሰው ረቡዕ ጠዋት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሚስቱ ተቀብላ ከፈተችው። ከሁለት ካርቶን መሃል አንድ ስስ ካርድ ወጣ፤ አንዱ ጥጉ ለስልሷል፣ ጠርዙም መበላት ጀምሯል። አንጀቷን በላው። ባሏ ስንት ዓመት የደከመለት ነገር እንዲህ ሆኖ አንድ ወር የሚቆይ አልመሰላትም። ይዛው ሥራ ሄደች፣ ማሽኑ በደንብ እስኪግል ጠበቀች፣ ለዲፕሎማ ብቻ የምታወጣውን ወፍራም ላስቲክ መረጠች፣ ትንፋሿን ውጣ አስገባችው። እንደዚያ አምሮላት አያውቅም።

ከሥራ ሲመለስ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«እንካ! እንግዲህ ሻይ ቢደፋበት ምን ሊሆን!»

ክው አለ። ለሰብሳቢ፣ ላሚኔት የተደረገ ካርድ በቃ የለም ማለት ነው። ሙጫው በሙቀት ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ ላላቅቅህ ቢሉት የሰውየው ፊት አብሮ ይገሸለጣል። ቀና ሲል እሷ ደስታዋ ፊቷን ሞልቶት ትጠብቃለች።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ደግ የሠራ መስሎታል። ደግነትማ ነበረበት፤ ግን «ብነግራትስ ምን ይገባታል» የምትል ንቀትም ከሥሩ ነበረች፣ ይህችን ንቀት ግን ለራሱም አላመነም። በሆስፒታሉ አድራሻ የዚያኑ ሀንጋሪያዊ ሌላ ካርድ በድብቅ ማፈላለግ ጀመረ። የታሸገውን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ «የት አደረግከው?» ስትለው «ቦታ እያዘጋጀሁለት ነው» ይላታል። አመነችው።

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ቴምብር ሰብሳቢ አዛውንት ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። የቴምብር ደብተራቸውን ገጽ በገጽ ስታባዛላቸው ወሬ ወሬን ወለደ።

«የእኔም ባል እንደ እርስዎ ነው» አለች በኩራት። «ዘጠኝ ዓመት የፈለገውን ካርድ ላሚኔት ያደረግሁለት እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን! ገደልሽው እኮ!»

ከዚያም ተቀምጠው አንድ በአንድ አስረዷት። ሲጨርሱ ማሽኑን አጥፍታ፣ ሰዓቷ ሳይደርስ ወጣች።

አይተንፍሱ ቤት ሲገባ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ያ ካርድ የት አለ?»

«ቦታ እያዘጋጀሁ…»

«ተው እባክህ! ሞቷል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለ።

«አጥፍቻለሁ፣ አላጠፋሁም አልልም። ያን ቀን ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ሁለት ወር እየሳቅክ ሞኝ አደረግከኝ! ለስንቱ ነው የተኩራራሁበት!» ድምጿ ተሰበረ። «ቀድሞ ነገር ማን ነግሮኝ? እኔ ስመጣ አልበሙን ትዘጋለህ። ባሕር ማዶ ላለ ለማታውቀው ሰው አርባ ሰከንዱን ትቆጥርለታለህ። እኔን ሃያ ስድስት ዓመት ወንበር ላይ አስቀምጠህ አንድ ቀን አስገብተኸኝ ታውቃለህ?»

«ይቅርታ» አለ። «ይቅርታህን አስቀምጠው» ብላው መኝታ ቤት ገባች።

ሦስት ቀን ስለ ዳቦና ስለ መብራት ካልሆነ አላናገረችውም። ስለ ጣውንቶቿም አልጠየቀችም። ከሁሉ ያመመው ይኸኛው ነው፤ ያንን ጥያቄ ለካ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር የኖረው።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም አልበሞች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የታሸገውንም ሀንጋሪያዊ ከላይ አደረገው። ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ነበርና እርጥብ እጇን ይዛ መጣች።

«አንሳቸው፣ ጠረጴዛውን ልወልውል።»

«ተቀመጪ።»

«እጄ እርጥብ ነው።»

«ይሁን» አለና አንድ ፊንላንዳዊ ከአልበሙ ኪስ አውጥቶ እርጥብ መዳፏ ላይ አኖረው። ለማንም አድርጎት አያውቅም። እሷ ደንግጣ ልትመልስለት ስትል እጇን ያዛት። እያዘነችም እያኮረፈችም አየችው።

«ማነው ይሄ?»

«ስድስት ጨዋታ፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ሰባት ነጥብ።»

«እሱን አይደለም። ከዚያስ? ሲመልሱት ምን አደረገ? ያገባ ነበር? ቤተሰቡስ ምን አለው?»

ፊንላንዳዊው ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ነው፤ ደቂቃውን እንጂ ሌላ ምንም አያውቅለትም።

«አላውቅም» አለ፤ አፈረ።

ከዚያ ካርዱን ትቶ እሷን አያት። ለብዙ ዓመት ያላያት ያህል ነው ያያት።

«አንቺስ» አለ፣ «ሳንጋባ በፊት ምን መሆን ነበር የምትፈልጊው?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዛሬ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«የሕንፃ ንድፍ መሳል። ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር እኮ። ካመለከተው ሁሉ ሃያ ሰው ነው የወሰዱት፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሥራህ ወደዚህ ተዛወረና ተውኩት።»

«አጭር ሥልጠና ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ።»

«ስንት ጊዜ ተማርሽ?»

«አሥራ ሰባት ቀን» አለች። ሳታስብ፣ ሳትቆጥር፣ ወዲያው ነው ያለችው።

አይተንፍሱ አልበሞቹን በክንዱ ገፋ አድርጎ ወንበሩን አስጠጋ።

«የመጀመሪያውን ቀን ንገሪኝ» አላት።