ቀዝቃዛ አምፖል የገዛው ገላው

ገላው ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገነ ሃያ ዓመት ኖሯል። ሚስት አላገባም፤ የድሮ ባለ አምፖል አምፕሊፋየር አግብቷል። «አምፖሉ እስኪሞቅ ታግሠህ የምትሰማው ነው ድምፅ፤ የዛሬው ጣሳ ነው» ይላል። ያገለገለ አምፕሊፋየር አለ ከተባለ ምሳውን ጥሎ ይሮጣል።

እንዲህ ሲሮጥ ነው ከፊሊጶስ እጅ የወደቀው። ፊሊጶስ አያት ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ከፍቶ «አንቲክ» የሚሸጥ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ብሎን ከምስማር የማይለይ ሊቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አምፕሊፋየር አበራለት፤ አምፖሎቹ ቀላ ብለው ፈኩ። ገላውም እንደ ሙሽራ ፈዘዘ፤ የሚወደውን ያየ ሰው ዓይኑ እንጂ እጁ አይሠራም። ሳይነካ ገዛ። ቤቱ ወስዶ አንድ ሰዓት ቢያስጮኸው አምፖሎቹ እንደ ሬሳ ቀዝቃዛ ናቸው። ቢፈታው፣ ከሞቱት አምፖሎች ሥር የገና ዛፍ መብራት ተለጥፏል፤ ድምፁን የምታወጣው አንዲት የቻይና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ናት።

ሊመልስ ቢሄድ ፊሊጶስ በደንበኛ ፊት ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ሆዱን አውጥቶ ሸጦ ቅርፊቱን አመጣልኝ! ባለሙያ ነኝ ባይ ጌጥና አምፖል ካልለየማ ምን ልርዳው?» አለ። ወሬው ላምበረት ቀድሞት ገባ። ጎረቤቱ ከድር፣ ምላሱ ከመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የሚበልጠው ባለሱቅ፣ በሰኔ ዝናብ «ገላው፣ እንኳን ለገና አደረሰህ!» ይለው ጀመር። ዕቃ የሚበላ ጠጋኝ ተባለ፤ ሬዲዮ የሚያመጣለት ጠፋ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንምና ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወ።

ዘንድሮ፣ ያልሸሹት ብቸኛ ደንበኛ፣ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅራቢያ የሚኖሩት እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ «የሟቹን ባለቤቴን አምፕሊፋየር ልሸጠው ነው፤ ና እይልኝ» አሉት። አየው፤ እውነተኛ ነው።

«ገዢ አለዎት?»

«ነገ አንድ ፊሊጶስ የሚሉት የአያት ሰው ይመጣል።»

ገላው በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የሰውየውን ብልሃት ከተታለሉት ሰዎች ሰምቶ አጥንቶታል። የዕቃውን ባለቤት በሰበብ ይልክና እጁን ከኋላ ሰዶ አንድ አምፖል ያላላል። ከዚያ ቢያበሩት ድምፅ የለም፤ «ሞቷል» ብሎ በቁራሌው ዋጋ ይወስዳል። ስለዚህ ገላው በማግስቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ አበራው፤ ድምፁን ዘጋ፤ የአምፖሎቹ ፍካት እንዳይታይ የዕቃውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዞረ። የፊቱ መብራት ድሮ ስለተቃጠለ ዕቃው የጠፋ ይመስላል። እሱ ጓዳ ገብቶ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ።

ፊሊጶስ መጣ። «እማማ፣ ይሄማ አርጅቷል! እስቲ ውኃ ያጠጡኝ፤ ዳገቱ ገደለኝ።»

እትዬ ሲወጡ ሦስት ጣቱን ከኋላ ከተተ። ዕድሜውን ቀዝቃዛ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ እውነተኛ አምፖል እንደ ፍም እንደሚግል በምን ይወቅ? ጥርቅም አድርጎ ጨበጠው።

ጩኸቱን ባሕር ዛፉ ሁሉ ሰማ።

ገላው መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፤ ውኃ ይዘው እየሮጡ ከተመለሱት ከእትዬ እጅ ጆጉን ተቀበለ።

«ጋሽ ገላው! ውኃውን! በእናትህ!»

«አምፖልና ጌጥ ለየህ አይደል?» ለከድር ደወለና ስልኩን ላውድ አድርጎ አፉ ሥር ደቀነለት። «ንገረው።»

«ምን ልበል?»

«የሠራኸውን።»

ፊሊጶስ ጣቱን እፍ እያለ፣ «የገና መብራቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ… ገላው ምንም አልነካም» አለ።

«ጮክ በል እንጂ!» አለ ከድር በስልኩ። «ሱቁ ሰው ሞልቶታል፣ አልሰሙም!»

ጮኾ ደገመው።

«አንተ ገላው፣ ኧረ እግዜርን ፍራ! አፍስስለት!» አሉ እትዬ።

«እሺ እትዬ። ስሙን ከነአባቱ ይጥራና።»

ፊሊጶስ ስሙን እስከ አያቱ ጠራ። ያኔ ገላው ጆጉን በተቃጠሉት ጣቶች ላይ ዘንበል አደረገው። አንድ ጠብታ። ቆየት ብሎ፣ ሌላ።